ቆሞ ነበር ወይስ ሲሠራ ነበር? (የማሳያ ቴሌቪዥን አጭር ታሪክ)

የእማዬ እቁብ ወጣ። ሃያ ስድስት ሳምንት ሙሉ እንጀራ እየሸጠች፣ በየሳምንቱ 2,000 ብር ስትጥል ከርማ ነው የደረሳት። 52,000 ብር! ገንዘቡ እጇ ሳይገባ ምን እንደምትገዛበት ወስና ጨርሳለች። ቴሌቪዥን። የድሮው ቴሌቪዥናችን ግማሽ ፊቱ ከጠቆረ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እሷም ድራማ እንደ ሬዲዮ ማዳመጥ ሰልችቷታል።

ቅዳሜ ጠዋት እኔ፣ እማዬና ታናሽ ወንድሜ ሆነን ወጣን። ሦስተኛው ሱቅ ላይ እማዬ ከአንድ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ፊት ቆመች። መቆም ብቻ ሳይሆን ተከለች ብል ይሻላል። ዋጋው 50,000 ብር ነው። ሻጩ ፊቷን አይቶ ጠጋ አለና፣ «ማዘር፣ ይሄን የተሰቀለውን ይውሰዱት። ያው እሱው ነው። ለማሳያ ከፈትነው እንጂ ሰው ቤት አልገባም። በ44,000 ልስጥዎት» አላት።

6,000 ብር ቅናሽ ማለት ለእማዬ ምድጃ ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃዋ አንዱ ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ ወጥ በተራ ነው የምትሠራው። ወደ እኔ ዞረችና «አንቺ የተማርሽው፣ ምን ትያለሽ?» አለችኝ።

እኔ የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው። ስለ ቴሌቪዥን የማውቀው ስክሪኑ ውስጥ ስለሚቀርበው ሰው እንጂ ስለ ስክሪኑ አይደለም። ግን እንዲህ ብዬ እናቴን ላሳፍራት አልችልም። «ማክሰኞ እንመለሳለን» አልኩና ይዣቸው ወጣሁ። ከዚያ ለሦስት ቀን ስለ ማሳያ ዕቃ ሳነብ ሰነበትኩ። ሻጩን ለመጠየቅ የሚጠቅመኝ ጥያቄ ፍለጋ ገብቼ የቴሌቪዥንን ታሪክ ይዤ ወጣሁ። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።)

ሆዱ የሚታየው ቴሌቪዥን

ቴሌቪዥን ከመሸጡ በፊት መታየት ነበረበት። ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በ1939 ኒው ዮርክ ላይ የዓለም ኤግዚቢሽን ሲከፈት፣ አርሲኤ የተባለው ኩባንያ ለአሜሪካ ሕዝብ የሚሸጠውን ቴሌቪዥን ይዞ ቀረበ። ቲአርኬ 12 ይባላል፤ ዋጋው 600 ዶላር ነበር። የምስል ቱቦው በጣም ረጅም ስለነበር ሣጥኑ ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው የሚሠራው። ተመልካቹ የሚያየው ክዳኑ ላይ ባለው መስታወት ውስጥ የተንጸባረቀውን ምስል ነው።

ችግሩ ግን ሰው አላመነም። ሣጥን ውስጥ ሰው ሲንቀሳቀስ ማየት ለብዙዎች የአስማተኛ ትርዒት መሰላቸው። አርሲኤ ምን አደረገ? የአንዱን ቴሌቪዥን ሣጥን በእንጨት ፋንታ ሉሳይት በሚባል እንደ ብርጭቆ በሚያሳይ ፕላስቲክ አሠራው። ጎብኚው ዙሪያውን እየዞረ ሽቦውንና ቱቦውን ያያል፤ ውስጡ የተደበቀ ፕሮጀክተር እንደሌለ ራሱ ያረጋግጣል።

እንግዲህ በቴሌቪዥን ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ የማሳያ ዕቃዎች አንዱ ይሄ ነው። ሥራው መሸጥ ሳይሆን ሌሎቹ እንዲሸጡ ማሳመን ነበር። ዛሬ ቶሮንቶ ውስጥ ባለ የቴሌቪዥን ሙዚየም ተቀምጧል። የማሳያ ዕቃ ሆኖ የተከበረ ብታገኙ እሱ ነው። የእማዬ ግን ሙዚየም የሚገባ አይመስለኝም።

መንገድ ላይ የቆመ ቴሌቪዥን

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቴሌቪዥን ገበያውን በደንብ ያዘ። አርሲኤ በ1946 ያወጣው 630 ቲኤስ የሚባለው ባለ 10 ኢንች ቴሌቪዥን ዋጋው 350 ዶላር ገደማ ነበር። ያን ያህል ገንዘብ ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ አብዛኛው ሕዝብ የሚያየው ሌላ ቦታ ነው። በ1947 የአሜሪካ የቤዝቦል ፍጻሜ ጨዋታዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ሲተላለፉ ብዙው ተመልካች የተሰበሰበው መጠጥ ቤት ውስጥ ነበር።

ጃፓኖች ደግሞ ነገሩን ወደ ሥርዓት ቀየሩት። በ1953 ሻርፕ በአገር ውስጥ ያመረተውን የመጀመሪያ ቴሌቪዥን 175,000 የን ብሎ ሲያቀርብ፣ ለተራው ሠራተኛ የብዙ ወራት ደመወዝ ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሥርጭት የጀመረው ኒፖን ቴሌቪዥን ማስታወቂያ የሚሸጥለት ተመልካች ቢፈልግ ቤት ለቤት አላገኘም። ስለዚህ ቴሌቪዥኖችን ባቡር ጣቢያና አደባባይ ላይ አቆመ። በ1954 ሪኪዶዛን የተባለው ታጋይ ከአሜሪካውያን ጋር ሲታገል መንገድ የሚዘጋ ሕዝብ ተሰበሰበ። አደባባይ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ነው በኋላ ገንዘብ ሲያገኝ ወደ ሱቅ የሄደው።

ይሄ ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ቀን፣ ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንጻ ነው። እማዬ መጀመሪያ ቴሌቪዥን ያየችው ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ በደርግ ጊዜ፣ በቀበሌያቸው መዝናኛ ክበብ ውስጥ ነው። ሁለተኛውን ያየችው ፒያሳ በሱቅ መስኮት በኩል ሲሆን ድምፁ አይሰማም ነበር። «ሰው አፉን ሲከፍት ነው የምናየው፤ የሚለውን እኛ ነበርን የምንሞላው» ትላለች። እንግዲህ ይህቺ ሴት በሕይወቷ ስንት የማሳያ ቴሌቪዥን አይታለች? የራሷን አዲስ ቴሌቪዥን ልትገዛ ስትወጣም መጀመሪያ የቀረበላት የማሳያው ሆነ!

አውሎ ነፋስ የወለደው ሱቅ

አሜሪካኖች የማሳያውን ዕቃ «ፍሎር ሞዴል» ይሉታል፤ ሱቁ ወለል ላይ የቆመው እንደ ማለት ነው። እነሱ ዘንድ ይህን ዕቃ መሸጥ ራሱን የቻለ ንግድ የሆነው በትላልቆቹ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ዘመን ነው።

አንዱ ሰርኪውት ሲቲ ነበር። ሳሙኤል ወርትዘል የተባለ ሰው በ1949 ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ፀጉሩን እየተቆረጠ ሳለ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሊከፈት መሆኑን ሰማ። ጣቢያ ካለ ቴሌቪዥን የሚገዛ አለ ብሎ ጎማ መሸጫ ሱቅ ፊት ለፊት ባለው ክፍል ውስጥ ሥራ ጀመረ። ያቺ ሱቅ አድጋ በመላ አሜሪካ ተሰራጨች፤ በ2009 ደግሞ ከስራ ውጭ ሆና ተዘጋች። 34,000 ያህል ሠራተኞች ተበተኑ። እንዲህ ያለ ሱቅ ሲዘጋ ሁሉም ነገር ይሸጣል። ግድግዳ ላይ ለዓመታት ሲሠራ የኖረው ቴሌቪዥንም ከመደርደሪያው ጋር አብሮ ይሄዳል።

ሌላው ቤስት ባይ ነው። መጀመሪያ ሳውንድ ኦፍ ሚውዚክ የሚባል የቴፕና የስፒከር ሱቅ ነበር። ሰኔ 1981 በሚኒሶታ ትልቁን ቅርንጫፉን አውሎ ነፋስ መታው። ባለቤቱ ሪቻርድ ሹልዝ ግን የተረፈውንም የተጎዳውንም ዕቃ መኪና ማቆሚያው ላይ ዘርግቶ በቅናሽ መሸጥ ጀመረ። በአራት ቀን ውስጥ በተለመደው ጊዜ በወር ከሚሸጠው የበለጠ ሸጠ። በ1983 የሱቁን ስም የቀየረውም ያንን ሽያጭ ተከትሎ ነው።

ከዚህ ታሪክ የተማርኩት ነገር አለ። ሰው ጭረት ያለበትን ዕቃ አይጠላም። ጭረቱ ከታየና ዋጋው ከተስተካከለ ይሻማበታል። አውሎ ነፋስ የመታው ዕቃ ላይ ጉዳቱ በዓይን ይታያል። የማሳያ ቴሌቪዥን ጉዳት ግን እንደዚያ አይታይም። እዚህ ላይ ነው ልዩነቱ።

ደግሞ ሁሉም ቅናሽ ከማርጀት አይመጣም። አርሲኤ በ1954 የመጀመሪያውን ባለ ቀለም ቴሌቪዥን 1,000 ዶላር ብሎ አወጣና በዚያው ዓመት ዋጋውን በግማሽ ገደማ ቀነሰው። ዕቃው አላረጀም፤ የተሻለ እየመጣ ነበር። የማሳያ ዕቃ ሲቀነስላችሁ ከቅናሹ የተወሰነው «አዲሱ ሞዴል ሊመጣ ነው» ማለት ሊሆን ይችላል። ያ ከሆነ እሽጉም ራሱ መቀነስ አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ የእሽጉን ዋጋ ሌላ ሱቅ ሄዶ መጠየቅ ነው።

ስክሪን እንዴት ይደክማል?

በ630 ቲኤስ ዘመን የማሳያ ቴሌቪዥን መግዛት ብዙም አያስፈራም ነበር። ውስጡ 30 ቱቦዎች ነበሩት፤ እንደ አምፖል ናቸው፤ የተቃጠለውን ነቅሎ ሌላ መሰካት ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ ሰዎች ቱቦውን ነቅለው መድኃኒት መሸጫ ሱቅ በቆመ መሣሪያ እየፈተሹ ይገዙ ነበር። ትልቁ የምስል ቱቦ እንኳ ይታደስ ነበር። ማለትም ዕቃው ይደክማል፤ ግን ይጠገናል።

ፕላዝማ መጣ። የተፈለሰፈው በ1964 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ልክ የእኛ ቴሌቪዥን በጀመረበት ዓመት። ቤት የሚገባ ትልቅ ቴሌቪዥን ሆኖ የተሸጠው ግን በ1997 አካባቢ ነው፤ ባለ 42 ኢንቹ አሜሪካ ውስጥ 15,000 ዶላር ገደማ! ፕላዝማ ውስጥ ትንንሽ የጋዝ ክፍሎች አሉ፤ ጋዙ ሲነቃ ግድግዳቸው ላይ የተቀባው ፎስፈር ያበራል። ፎስፈር በሠራ ቁጥር ይደክማል። አንድ ምልክት ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከቆየ እዚያ ያለው ክፍል ከጎረቤቶቹ በፊት ይደክምና የምልክቱ ጥላ ይቀራል። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ያው የማስታወቂያ ፊልም ከጠዋት እስከ ማታ ይመላለሳል። የማሳያ ፕላዝማ የገዙ ሰዎች ማየት ያልፈለጉትን አርማ ቤታቸው ይዘው የገቡት ለዚህ ነው። ዋና ዋናዎቹ ኩባንያዎች ከ2013 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ፕላዝማ ማምረት አቁመዋል።

ዛሬ ሱቆቻችንን የሞላው ኤልሲዲ ነው («ኤልኢዲ ቲቪ» ብለው የሚሸጡት እሱኑ ነው)። ኤልሲዲ ራሱ አያበራም። ከኋላው መብራት አለ፤ ስክሪኑ ብርሃኑን እንደ መጋረጃ ይከፍታል ይዘጋል። ስለዚህ ጥላ የማስቀረት ችግሩ ከፕላዝማ በጣም ያነሰ ነው። የሚደክመው የኋላው መብራት ነው። ችግሩ ግን ሱቅ ውስጥ መብራቱ ጣሪያ ነክቶ ነው የሚሠራው። ሱቆች ብርሃን ይበዛባቸዋል፤ ከጎኑ ካለው ቴሌቪዥን ጋር ይፎካከራል፤ ስለዚህ «የሱቅ» በሚባለው ማስተካከያ ላይ ተደርጎ በሙሉ ድምቀት ይውላል። አዲስ ቴሌቪዥን ስትከፍቱ «ቤት ነው ወይስ ሱቅ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ለዚህ ነው።

ኦሌድስ? በ1987 ኮዳክ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ ያሳዩት ቴክኖሎጂ ነው፤ ሶኒ በ2007 መጨረሻ 11 ኢንች ቴሌቪዥን አድርጎ ሸጠው፤ ኤልጂ በ2013 ባለ 55 ኢንቹን ይዞ መጣ። እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ታበራለች፤ ጥቁሩ የእውነት ጥቁር ነው። ግን የፕላዝማ አሮጌ በሽታ ተመልሶ መጣ፤ የበለጠ የሠራችው ነጥብ ቀድማ ትደክማለች፣ በተለይ ሰማያዊዋ። ስለዚህ የማሳያ ኦሌድ ሲያቀርቡላችሁ ከኤልሲዲው እጥፍ ተጠራጠሩ።

ለማሳያው ልመስክርለት

ፍርድ ሚዛናዊ መሆን ስላለበት ለማሳያው ዕቃም ልከራከርለት። መሐንዲሶች ስለ ዕቃ ብልሽት የሚሥሉት ሥዕል አለ፤ የመታጠቢያ ገንዳ ይመስላል። ሁለቱ ጫፎቹ ከፍ ያሉ፣ መሃሉ ዝቅ ያለ። ዕቃ የሚበላሸው ወይ ገና በልጅነቱ ነው ወይ ሲያረጅ። ፋብሪካ ላይ የተሳሳተ ነገር ካለው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወይም ወራት ይገለጣል። ሱቅ ውስጥ ዓመት የሠራ ቴሌቪዥን የልጅነት በሽታውን አልፏል። እሽጉ ግን ካርቶን ውስጥ ያለ ምስጢር ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው ነው። ሁሉም የማሳያ ዕቃ አይሠራም! ሱቅ ውስጥ የተደረደሩትን ፍሪጆች፣ ምድጃዎችና ልብስ ማጠቢያዎች አስቧቸው። አብዛኞቹ ሶኬት እንኳ አልነካቸውም። በር ይከፈትባቸዋል፣ ይነካካሉ፣ ምናልባት ይጫራሉ እንጂ ሞተራቸው አልዞረም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ማሳያ ነው ወይ?» ተብሎ አይደለም። ጥያቄው «ቆሞ ነበር ወይስ ሲሠራ ነበር?» ነው።

ሕጉስ?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ ነው ይላል። ገዢው ሲዋዋል ያወቀውን ጉድለት ግን በኋላ መክሰሻ ሊያደርገው አይችልም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት እንደሚችል ደነገገ።

ሁለቱን አንድ ላይ ሳነብ የገባኝ ይሄ ነው። «ማሳያ ነው» ተብሎ የተነገራችሁን ዕቃ ስትገዙ ምን እንደተነገራችሁ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። «ግራ ጎኑ ላይ ጭረት አለው» ከተባለ ጭረቱን አውቃችኋል፤ ስለ ስክሪኑ ግን ምንም አልተነገራችሁም። «ማሳያ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ከተጻፈ ግን ክርክሩ ይረዝማል። ጋራንቲው የሚቆጠረው ዕቃው ከተከፈተበት ቀን ነው ወይስ እናንተ ከገዛችሁበት ቀን? ይህም ይጻፍ።

ማክሰኞ

ተመልሰን ሄድን። ፍላሽ ላይ ነጭ፣ ግራጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑ ባዶ ምስሎችን ጭኜ ነበር። ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ አንድ ቀለም ሲሆን ጥላም፣ የጠፋች ነጥብም፣ የደበዘዘ ጥግም ይጋለጣል። ሰካነው። ግራጫው ላይ ታችኛው ቀኝ ጥግ ትንሽ ጠቆር ብሏል። ወንድሜ አላየውም፤ እማዬ ግን አየችው።

ሻጩን ጠየቅኩት፦ «ይሄ ቴሌቪዥን ቆሞ ነበር ወይስ ሲሠራ ነበር?»

ሳቀ። «የኔ እህት፣ ቴሌቪዥን ጠፍቶ ማን ይገዛዋል?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ሰውዬው ሐቀኛ ነው፤ አልዋሸም። «አሥራ አራት ወር ይሆነዋል» አለ።

እዚያው ስልኬ ላይ አሰላሁት። ሱቁ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ይከፈታል፤ 10 ሰዓት። በወር 26 ቀን፣ 260 ሰዓት። በ14 ወር 3,640 ሰዓት። መብራት የጠፋባቸውን ቀኖች ልቀንስለትና 3,500 ልበል። እማዬ ቤት ውስጥ በቀን 5 ሰዓት ብታይ በዓመት 1,825 ሰዓት ነው። ስለዚህ ይሄ «ሰው ቤት ያልገባ» ቴሌቪዥን እኛ ቤት ሁለት ዓመት ገደማ የኖረ ያህል ሠርቷል፤ ያውም በሙሉ ድምቀት። አንድ ቴሌቪዥን ስምንት ዓመት ያገለግለናል ብለን ብናስብ ሩቡ ሄዷል። የ50,000 ሩብ 12,500 ነው። እሱ የቀነሰልን 6,000።

«37,000 እና ከዛሬ የሚቆጠር የአንድ ዓመት ጋራንቲ» አልኩት። ወደ 42,000 ወረደ። ጋራንቲው ግን ከተከፈተበት ቀን ስለሚቆጠር አልቋል አለ። ውሳኔውን የወሰነልን ይሄ ነው። አሥራ አራት ወር የሠራ ቴሌቪዥን ይዘን፣ ነገ ቢበላሽ የምንጠይቀው ሰው ሳይኖር፣ የእማዬን የሃያ ስድስት ሳምንት ልፋት መስጠት አልቻልኩም። ምናልባት 37,000 ቢል ኖሮ እገዛው ነበር። ዕቃው መጥፎ አይደለም። ዋጋው ነው ያልገባው።

እሽጉን በ48,500 ተስማማን። እዚያው አስከፍተን፣ ግማሽ ሰዓት አስከፍተን አየነው፤ ያው ፍላሽ፣ ያው ግራጫ። ንጹሕ ነው። ለግማሽ ሰዓት እኛም ማሳያ አደረግነው ማለት ነው።

የእማዬ ፊት ግን ትንሽ ጠቆር ብሏል። ምድጃዋ ቀረቻ! ከሱቁ ስንወጣ ሁለት ሱቅ አለፍ ብሎ መስኮት ላይ ባለ ሁለት ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃ ቆሟል። 4,500 ብር ይላል፤ ጎኑ ላይ ግን የአውራ ጣት የሚያህል ስርጉድ አለው። ገባሁና ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኩ።

«ቆሞ ነው የኖረው። ገመዱ እንኳ አልተፈታም፤ ይኸው» አለች ባለ ሱቋ፤ አሳየችን። ገመዱ ከፋብሪካ እንደታሰረ ነው። ሰካነው፤ ሁለቱም ዓይን ጋሉ። ስርጉዱ በግድግዳው በኩል ይዞራል፤ ወጥ ደግሞ ስርጉድ አይቆጥርም። 3,400 ብር ከፈልን። እቁቡ 100 ብር ተረፈው፤ እሱም ታክሲ በላው።

እማዬ ማታ አዲሱ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ፣ ወጡ ሽሮው በሁለቱም ዓይን እየተንተከተከ፣ «ታዲያ ለዚህ ነው ሦስት ቀን ያነበብሽው?» አለችኝ።

አዎ እማዬ፣ ለዚህ ነው።